ሳይነበብለት የቀረው ውሳኔ

ጥቅምት 9 ቀን

«አጣሪ ቦርዱ ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ ያከናወናቸው ተግባራት በሆስፒታሉ አስተዳደር በተሻለ ቅልጥፍና ሊሸፈኑ የሚችሉ በመሆናቸው፣ ቦርዱ እንዲፈርስ፣ ንብረቱና ሠራተኞቹም ለሚኒስቴሩ እንዲተላለፉ ጥናቱ በጥብቅ ይመክራል።»

ወንድሜ፣

ሰላምታዬን ከዚህ ዐረፍተ ነገር በኋላ ያደረግሁት ለንቀት አይደለም። የጻፍከውን መጀመሪያ በራስህ ዓይን እንድታየው ብዬ ነው። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኛ አለን። እማማ ጉልበቷን ያማታል፤ አንደበቷን ግን ምንም አልነካው። በሰው አገር የቆመ እግርህን ፈጣሪ ያጽናልህ፤ የወጣህበትንም ደጃፍ አያስረሳህ።

አሁን ወደ ነገሩ። ከጥናቱ ሥር ስምህ የለም፤ «የውጭ አማካሪ» ብቻ ነው የሚለው። ነገር ግን በዘራችን ውስጥ «በጥብቅ ይመክራል» የሚል ሰው ካንተ በቀር አላውቅም። ልጆች ሆነንም ብስኩቱን እንዳልነካ በጥብቅ ትመክረኝና ራስህ ትበላው ነበር። ደግሞም ሚኒስቴሩ ማንን እንደቀጠረ እዚህ ያልሰማ የለም።

ቦርዱ ለምን እንደተቋቋመ ለአማካሪ ማስረዳት አይገባኝም ነበር፤ እንደማታውቅ ቆጥሬ ልጻፍልህ። አንዲት ሴት በዚያ የአእምሮ ሆስፒታል ወጣትነቷን ጨርሳ ፀጉሯ ነጭ ከሆነ በኋላ፣ ከአንድ ተለማማጅ ሐኪም እጅ ከኋላዋ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ሴትዮዋ ዞር አላለችም። ያን ዕለት ነው መስማት የማትችል እንጂ እብድ እንዳልሆነች የታወቀው። ጋዜጣ ጻፈ፣ ሚኒስትሩ አፈረ፣ ባፈረበት ሳምንት ቦርዱን አቋቋመ። አምስት አባላት፣ አንድ ጸሐፊ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ሐኪም ሰውን ያስገባል፤ ቦርዱ ገብቶ ያያል፤ ሰውየው ደኅና ከሆነ ይፈታዋል። ሌላ ሥራ አልነበረንም።

ከዚያ ማሻሻያ የሚሉት መጣ። አምስቱ አባላት ሦስት ሆኑ። ከቦርድ ወደ ምክር ቤት፣ ከምክር ቤት ወደ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴ ተመልሰን ወደ ቦርድ ተለወጥን። በየለውጡ ሠዓሊ እየመጣ የበሩን ሰሌዳ እንደ አዲስ ይጽፍ ነበር፤ በማሻሻያው የተጠቀመ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ስማችን ሲገለባበጥ ግን ሥልጣናችንን የነካ አልነበረም። የነካው ያንተ ጥናት ነው።

ወደ ካርታው ልምጣ። የገዛ ወንድምህን በቅጽል ስሙ ስጠራብህ አይክፋህ። አስተማሪ ሳለ ጀርባውን ለሰሌዳው፣ ፊቱን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ ክፍለ ዓለማትን በጠመኔ ይሥል ስለነበር የወጣለት ስም ሆስፒታሉም ድረስ ተከትሎት ገብቷል። ከታመመ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ከዳነም ብዙ ዘመን ሆነው። በልብስ ማጠቢያው ክፍል የሐኪሞቹን ነጭ ጋውን የሚተኩሰው እሱ ነው። ጉዳዩ ለቦርዱ ሲቀርብ ዝምድናዬን አስታውቄ ከክፍሉ ወጣሁ። ሦስቱም አባላት እንዲፈታ ወሰኑ። በደንባችን መሠረት ግን ውሳኔ የሚጸናው አባላቱ ሁሉ ባሉበት፣ ለታማሚው ፊት ለፊት ሲነበብለት ነው። ያን ዕለት አንዷ አባል ውሳኔውን እንደፈረመች ታማ ስለወጣች ንባቡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ። በሁለቱ ስብሰባዎች መሐል ቦርዱን የሚያፈርሰው አዋጅ ወጣ። ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ውሳኔውን በእጃቸው ይዘው ሲመጡ ዘበኛው «ቦርድ የሚባል የለም» ብሎ ከበሩ መለሳቸው።

ካርታው እንዲፈታ መወሰኑን ከነርሶቹ ሰምቶ ኖሮ ትርፍ ሸሚዙን ለአልጋ ጎረቤቱ ሰጥቷል። መልሶ መጠየቅ አፍሮ ባንድ ሸሚዝ ይኖራል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥናቱን ስትጽፍ የወንድምህ ጉዳይ በዚያ ቦርድ ፊት እንደነበረ ታውቅ ነበር?

የአክስትህ ልጅ


ኅዳር 6 ቀን

ለክቡር ጸሐፊ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሳገኝ የእጅ ጽሕፈትህ ዛሬም በማስመሪያ የተሰመረ መሆኑን አይቼ ደስ አለኝ። ዕድሜ ከነጤናው ይብዛልህ፤ ለእማማም ጉልበቷን ይመልስላት። እኛ ደኅና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ ትልቁ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባልኝ። ብስኩቱን ግን የበላኸው አንተ ነህ፤ ምስክሬ እማማ ናት።

ቁጣህ ይገባኛል። ሰው ስንት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ሲነሣበት ይከፋዋል። ነገር ግን እንድንመረምር የተሰጠን ያንተን ቦርድ ብቻ አልነበረም። ስድሳ የሚያህል ቦርድ፣ ኮሚቴና ምክር ቤት ነው ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረው። አንዱ ኮሚቴ ሰብሳቢው ከሞተ አራት ዓመት አልፎት የስብሰባ ጥሪ እየጻፈ ይልክለት ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «በፈቃድ የቀሩ» ብሎ መዝግቦታል። አንዱ ምክር ቤት የተቋቋመው ሌላውን ምክር ቤት ለማስተባበር ነበር፤ ያኛው ከፈረሰ በኋላም ማስተባበሩን አላቆመም። ልትስቅ ይገባሃል። መንግሥት ባፈረ ቁጥር አንድ ቦርድ ይወልዳል፤ የሚቀብርለት ግን የለም። እኔ የተጠራሁት ለቀብሩ ነው። ሣር የሚያጭድ ሰው ደግሞ አበባ እየመረጠ አይሄድም።

ጥያቄህን በተመለከተ፣ ጥናት የሚጻፈው በአሠራር ላይ እንጂ በሰው ስም ላይ አይደለም። የመፍታቱ ሥልጣን ለሆስፒታሉ ስለሚተላለፍ ዳይሬክተሩን ብታነጋግር ነገሩ ባንድ ቀን ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

ለካርታው ሁለት ሸሚዝና አንድ ትንሽ ሬዲዮ በሰው ልኬያለሁ። እንዴት ነው? ይበላል? ይተኛል? ስለ እኔ ያነሣል?

ሰላምታዬን ለእማማ አድርስልኝ።

ወንድምህ


ኅዳር 27 ቀን

ወንድሜ፣

ጤናህ እንዲሰነብት፣ ቤትህም በብርዱ እንዳይጎዳ እመኛለሁ። ሸሚዞቹና ሬዲዮው ደርሰዋል። ሬዲዮው መግቢያው ላይ ቀርቷል፤ ሽቦ ያለው ነገር ወደ ውስጥ አይገባም። ይህን ደንብ እኔ አልጻፍኩትም።

እንዳልከው ዳይሬክተሩን አነጋገርኩት። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ አይደለም። አዋጁን ከመሳቢያው አውጥቶ ጣቱን እያስከተለ አነበበልኝ። የቦርዱ መኪና ለሚኒስቴሩ ተላልፏል። ጠረጴዛው፣ ወንበሮቹ፣ ጽሕፈት መኪናው፣ ሁለቱ ተላላኪዎች ተላልፈዋል። እኔም ተላልፌያለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ የማኅደር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ «ቦርዱ የነበሩት ሥልጣኖች ቀሪ ሆነዋል።» ወንበሩን ማስተላለፍ የረሳ አልነበረም፤ ሰው የመፍታት ሥልጣንን ማስተላለፍ ግን ትዝ ያለው የለም። ወይም አለ።

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ እኔ ማስገባት እችላለሁ። ማስወጣት የምችልበት አንቀጽ ካለ ያሳዩኝና በሩን አሁን እከፍታለሁ» አለኝ። አንቀጹን ፈለግሁ፤ የለም። በዚህ አገር ዛሬ ሰውን እብድ የሚል ባለሥልጣን አለ፤ ድነሃል የሚል የለም።

ካርታውን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አገኘሁት። ጋውን እየተኮሰ ነበር፤ ሲያወራኝ እንኳ ካውያውን አላስቀመጠም። ነገሩን እንዳለ ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ እንደድሮው ቀልድ አያጣም። ሦስት ሰው ፈርሞ እብድ ነው አለኝ፣ ሦስት ሰው ፈርሞ ጤነኛ ነው አለኝ፣ አሁን ቦርዱ ራሱ ሲታመም የሚፈርምለት ጠፋ እያለ የአጠገቡን ሰዎች አሳቃቸው። ከዚያ እጅጌውን ገልብጦ መተኮስ ጀመረና ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ ያውቃል?» አለኝ። ያውቃል አልኩት። እንኳን፣ አለ። እሱ ካወቀማ ያልቃል፣ አለ።

ይኸውልህ ስለ አንተ የሚያነሣው።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል። ካርታው ሲገባ በዘመድነት ፈርመህ ያስገባኸው አንተ ነህ። ፈራሚ ዘመድ ፈቃዱን በጽሑፍ ካነሣ ሆስፒታሉ ቦርድም አዋጅም ሳያስፈልገው ይለቀዋል፤ ዳይሬክተሩም ይህን አረጋግጦልኛል። የሚኖረው ከእኔና ከእማማ ጋር ነው። የሚበላው ከእኛ ነው። አንተ ዘንድ የሚመጣ ነገር የለም። እማማ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አንጥፋለታለች፤ አላፊ አግዳሚውን ያያል ብላ። ካንተ የምፈልገው ባዶ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ «ፈቃዴን አንሥቻለሁ»፣ ከዚያ ፊርማህ።

ባለፈው የጠየቅሁህንም አልመለስክልኝም።

የአክስትህ ልጅ


ጥር 24 ቀን

ወንድሜ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅር በለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንተ ግን ምክንያትን እንደ ሳንቲም አንኳኩተህ ስለምታይ ተውኩት። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀድጃለሁ። ሁላችሁንም በሰላም ያቆያችሁ፤ ከዚህ በታች ስላለው ደግሞ ፈጣሪ ልብህን ያስፋው።

መንጋጋዬ ውስጥ ብረት አለ። ስበላ ቀጭ ይላል። ልጆቼ ለምደውታል፤ ትንሿ ማዕድ ላይ «የአባባ ሰዓት ዞረ» እያለች ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እኔ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ካርታውን እሰማዋለሁ። በጓሯችን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር በአካፋ መታኝ። የመታኝ ሕመሙ ነው ብለው ሐኪሞቹ አስረድተውኛል። ሊሆን ይችላል። የተመታሁት ግን እኔ ነኝ። አገር ለቅቄ ስወጣ ሁሉም ለትምህርት መሰለው፤ አንተም ጭምር። በዚህ ከተማ ዛሬም ጫማዬን የማስረው ግድግዳ ተደግፌ ነው።

ስለዚህ ጥያቄህን ልመልስልህ። አዎ፣ አውቅ ነበር። ቦርዱ ጉዳይ ሲያይ ለፈራሚ ዘመድ ማስታወቂያ ይልካል፤ ደንቡን ያረቀቅኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ማስታወቂያው ደርሶኛል። ጥናቱን ከዚያ በፊት ጽፈኸው ነበር ወይ ብትለኝ፣ ግማሹን። ቀሪውን ከዚያ በኋላ። ደግሞ የጻፍኩት ሐሰት የለበትም። ሦስት ሽማግሌዎች በወር አንዴ ተሰብስበው ሻይ ጠጥተው ይበተናሉ፤ ይህን ከቃለ ጉባኤያችሁና ከሻይ ሒሳባችሁ አንብቤዋለሁ።

ስለ ደንብ ካነሣን አይቀር ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ። ያን ዕለት ዳኛው ከወንበራቸው ተነሥተው ልብስ ማጠቢያው ድረስ ሄደው «ተፈትተሃል» ቢሉት ኖሮ ካርታው ዛሬ እማማ ባነጠፈችለት አልጋ ላይ ነበር። ለምን አልሄዱም? አባላቱ ሁሉ ካልተሟሉ አይነበብም ስለሚል ነው። ማን አለ? አንተ። እኔ ቦርድህን አፈረስኩ፤ በሩን የቆለፍከው ግን አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ማታ ስትተኛ ይህን እያሰብክ ተኛ፤ እኔ የማስበው የራሴ አለኝ።

መስመሩን አልጽፍም። እባክህ ዳግመኛ አትጠይቀኝ። ሌላ የፈለግኸውን ጠይቀኝ፤ ለእማማ ጉልበት መድኃኒት፣ ላንተም የሚሆን ሥራ ካለ እፈልግልሃለሁ።

ወንድምህ


የካቲት 11 ቀን

ወንድሜ፣

እውነቱን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ያዘገየኸው ቢሆንም እውነት ነው። ጤናህን ይስጥህ።

ደንቡን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለምን እንደጻፍኩት ደግሞ ልንገርህ። ከዚያ በፊት ታማሚ መፈታቱን የሚሰማው ከዘበኛ ነበር፤ ዘበኛ ደግሞ የሚናገረው ደስ ባለው ቀን ነው። አንድ ሽማግሌ ተፈትቶ ሳለ የነገረው ጠፍቶ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ከረመ፤ ልጁ ሊወስደው ሲመጣ ሬሳውን ነው የወሰደው። ስለዚህ ማንም ሰው ነፃነቱን በሹክሹክታ እንዳይሰማ፣ ከፈራጆቹ እኩል ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስሙ ተጠርቶ ይነበብለት አልኩ። ነገም እንድጽፍ ቢሰጠኝ ያንኑ እጽፋለሁ። ቤት ሠርቼ በር አበጀሁለት፤ አንተ ጣሪያውን በሰዎቹ ላይ ናድህና በሩ ጠበበ ትለኛለህ።

ሻይውንም አልክድም። ዳኛው ያለ ሻይ አንድ ገጽ አያነቡም። ሻይ እየጠጡ የፈቷቸውን ሰዎች ግን በከተማው መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። አንዷ ዳቦ ትሸጣለች። አንዱ አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጣል፤ ሲያየኝ አይስቅም፣ እኔም አላስቸግረውም።

መንጋጋህን በተመለከተ፣ እኔም ነበርኩ። ደምህን በሸሚዜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሆስፒታል እስክትወጣ ሾርባህን በማንኪያ ያጎረስኩህ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ሕመምህ አስተማሪ አያስፈልገኝም። ቂም መያዝ መብትህ ነው። ወደዚህ ቤት አልመጣም ብትል፣ ዓይኑን አላይም ብትል ማንም አይፈርድብህም። አንተ ግን ቂምህን የመንግሥት ማኅተም አስመታኸው። ለአንድ መንጋጋ አርባ ሰው ተቆለፈ። የካርታውን ሸሚዝ የወሰደው ጫማ ሠሪ ማንን መታ? እሱም ለመፈታት ወረፋ ይዞ ነበር።

አሁን የሆነውን ስማ። በሆስፒታሉ ደንብ፣ ቦርዱ አራት ወር ሙሉ ያላየው ታማሚ «ዘላቂ» ይባላል። ቦርድ ስለሌለ የታየ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ዘላቂ ሆኑ። ዘላቂ ስለት አይሰጠውም፣ እሳት አይሰጠውም። ከካርታው ካውያውን ወሰዱበት። ጢሙን በሳምንት አንድ ቀን በሰልፍ ይላጩታል። ባለፈው እሑድ ስሄድ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የሌላ ሰው ፎጣ በመዳፉ እየደጋገመ ያስተካክል ነበር። ቀልድ አልነበረውም።

ደብዳቤህን ለእማማ አላነበብኩላትም። ግን የፊቴን ነገር አይታ ያልኳትን ሁሉ አላመነችም። የምትጽፍለት ካለህ ይህን ጻፍ አለችኝ፤ «በለው፣ እናታቸው ከሞተች በኋላ ሁለቱንም ያጠብኳቸው ባንድ ሳፋ ነው። ውኃውን ለይቼ አላውቅም።»

መስመሩን እየጠበቅሁ ነው።

የአክስትህ ልጅ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለተከበርከው ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ የምሥራች ይዞ ስለሚመጣ ከወትሮው ረዘም ያለ ሰላምታ ይገባዋል። አንተን፣ እማማን፣ የቤታችሁን መሠረትና ማገር ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ በጣም ደኅና ነኝ።

ሚኒስቴሩ ጥናታችንን ከተቀበለ በኋላ ክፍተት መኖሩን አስተውሏል። (ያንተንም ደብዳቤዎች ጠቅሼላቸዋለሁ፤ ስም ሳልጠራ።) ስለዚህ በመጪው በጀት ዓመት «ብሔራዊ የአእምሮ ጤና አማካሪ ምክር ቤት» ይቋቋማል። ረቂቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ አባላት፣ የራሱ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለት መኪና። ሰብሳቢ እንዲሆን የጠቆምኩት አንተን ነው። ሚኒስትሩም በቃል እሺ ብለዋል። ከማኅደር ክፍል ትወጣለህ። ከጸሐፊነት ወደ ሰብሳቢነት፤ ወንበርህ ክንድ ማሳረፊያ ይኖረዋል ማለት ነው፤ ወገብህን ያሳርፍልሃል።

ሥልጣኑን ልንገርህ፤ ይመረምራል፣ ያጠናል፣ ያማክራል፣ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። የመፍታት ጉዳይ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚታይ ይሆናል፤ አሁን ካነሣነው ምክር ቤቱ ራሱ ሳይወለድ ይቀራል። ትዕግሥት ይጠይቃል። አንተ ደግሞ ታጋሽ ነህ።

ሁለት ትንንሽ ልመናዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ሹመቱ እስኪጸድቅ ድረስ የቤተሰባችንን ጉዳይ ወደ ሚኒስቴሩ ቢሮዎች ይዘህ አትሂድ፤ ሰብሳቢ የግል ጥቅም አለው እንዳይባል። ሁለተኛው፣ እማማ ስልክ መደወል እንድታቆም ንገራት። ባለፈው ባለቤቴ አነሣችው። እማማ ምንም አልተናገረችም፤ ትተነፍስ ነበር ብቻ። ባለቤቴ ፈራች።

ለካርታው ጫማ ልኬያለሁ። ማሰሪያ የሌለው ነው፤ አስቤበት ነው።

ወንድምህ


ሚያዝያ 16 ቀን

ወንድሜ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ እኔም በዚያው ልክ መልሼልሃለሁ። በሕይወት ቆይተህ ይህን ለማንበብ ያብቃህ።

የሹመት መጠየቂያው ደረሰኝ። በዚያኑ ቀን ማኅደር ክፍሉ ውስጥ፣ አቧራው መሐል ቆሜ መልሱን ጻፍኩ። አልቀበልም አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ በትከሻዬ አሻግሮ አንብቦ ኖሮ፣ ሰውዬው ምን ነካዎት፣ አሥራ አንድ ሰው ባንድ ቃል ሊያጨበጭብልዎት ሲል አለኝ። ላጠኑ ሰዎች ማጨብጨብ ሰልችቶኛል አልኩት። ዳኛውንም በአባልነት ጠቁመሃቸዋል። እሳቸውም እምቢ ብለዋል፤ እሳቸው ያሉትን ቃል ግን በደብዳቤ አልጽፈውም።

መጠየቂያው ከመምጣቱ በፊት፣ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ካርታው ጋ ሄጄ ነበር። መብቱ ነው ብዬ ነው፤ እሱ የሚጠቀምበት ከሆነ ክብሬን ውጬ እሺ እል ነበር። ጠባቡ የጎብኚ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ በብሎን የታሠሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ስለ አዲሱ ምክር ቤት ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ያንተ ምክር ቤት ይፈታል?»

«አይፈታም።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያጠናል።»

«እኔን?»

እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝ፤ ልክ እኔ ታማሚው እሱ ጠያቂው የሆንን ይመስል። ከዚያ ስለ አንተ ጠየቀኝ። እስካሁን በጠየቀኝ ቁጥር ሥራ በዝቶበት ነው፣ ወረቀቱ በመንገድ ላይ ነው፣ ፖስታው ይዘገያል እያልኩ መለስኩለት። ልጅ እንኳ ዋሽቼ የማላውቅ ሰው ካርታውን ሦስት ጊዜ ዋሸሁት። ያን ዕለት ግን አልዋሸሁም። አልፈርምም አለ፣ አልኩት። ምን ብሎ? አለኝ። ራሱ ይንገርህ፣ አልኩት።

ጫማህን አላደረገውም። ለጫማ ሠሪው ሰጥቶታል። ጫማ ሠሪው ደግሞ ስፌቱን ፈትቶ እንደገና ሰፋው፤ ሥራ ናፍቆት ነው።

ሌላ የተለወጠ ነገር አለ። ሚኒስቴሩ ሆስፒታሉን ሊያድስ ስለሆነ ዘላቂዎቹ ሁሉ ግንቦት 20 ቀን ከከተማው ይወጣሉ። የሚወሰዱት ወታደር ለቆት ወደ ሄደ አሮጌ ሰፈር ነው። አየሁት፤ ባንድ ቀን ተሂዶ የሚመለስበት ቦታ አይደለም። የአስፋልቱ መንገድ ካለቀ በኋላ ገና ብዙ ይቀራል። መኝታዎቹ መስኮት የላቸውም፤ ለመሣሪያ ማስቀመጫ የተሠሩ ናቸው። የእማማ ጉልበት እዚያ አያደርሳትም። እሷም ታውቀዋለች፤ ባለፈው ሳምንት ብርድ ልብስ ሰፍታለት ሰጠችው፣ ስትወጣም ከበሩ ዞራ አላየችውም። እማማ ካንድ ሰው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ስትለያይ እንዲህ እንደምታደርግ አንተ ታውቃለህ፤ አንተንም ስትሸኝህ አልዞረችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ፈራሚ ዘመድ የሚባል ነገር አይኖርም። አዲሱ ቦታ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው። ፊርማህ ዋጋ ያለው እስከዚያ ቀን ብቻ ነው። በዚህ አገር ካርታውን መፍታት የምትችል የመጨረሻው ባለሥልጣን አንተ ሆነሃል፤ ማንም ሳይሾምህ፣ ሰሌዳህን ማንም ሳይጽፍልህ።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እጠይቅሃለሁ። ወይ ፈቃድህን ያነሣህበትን አንድ መስመር ከፊርማህ ጋር ላክልኝ። ካልሆነ ደግሞ የማታነሣበትን ምክንያት ጻፍ። ሁለተኛውን ከመረጥክ ግን ለእኔ አትጻፍ፤ እኔ አንብቤዋለሁ። «ለወንድሜ» ብለህ ጀምር። በእጅህ ጻፍ። ጥናት አይሁን፤ «አሠራር» እና «ምዕራፍ» የሚሉ ቃላት አይኑሩበት። አካፋውን ጻፍለት፣ ማዕዱን ጻፍለት፣ ታውቅ እንደነበር ጻፍለት፣ የትኛውን ግማሽ ከማስታወቂያው በኋላ እንደጻፍከውም ጻፍለት። ፖስታውን አልከፍተውም። ከጎኑ ተቀምጬ እሰጠዋለሁ፣ ራሱ ከፍቶ ያነበዋል፤ ዘላቂ ማንበብ አልተከለከለም። ከዚያ ሰፈር ሲገባ ያስገባው አዋጅ እንዳልሆነ፣ ሚኒስትር እንዳልሆነ፣ የጠፋ አንቀጽም እንዳልሆነ አውቆ ይግባ።

ዝምታን ከመልስ አልቆጥርም። በስልክ የተነገረኝንም አልቀበልም። ከሁለቱ አንዱ፣ በጽሑፍ፣ ከፊርማህ ጋር፣ እስከ ግንቦት 15 ቀን ድረስ እጄ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

የአክስትህ ልጅ